ፈተና ላይ የማይመጣ ጥያቄ

የወሰዱኝ በባጃጅ ነው። እስር ሲባል ሰው መስታወቱ የጠቆረ መኪና ያስባል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ግን መኪናቸው ሌላ ሥራ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ አስቁመው መሃላቸው አስቀመጡኝና በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሄድን። ሾፌሩ ማንነታቸውን ስላላወቀ ስለ ሙቀቱ ያወራቸው ነበር። አንደኛው "እውነትህን ነው፣ ዘንድሮስ ባሰ" አለው። የተነሳሁት የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተና ሳርም ስለነበር ጣቴ ላይ የቀይ እስክሪብቶ ቀለም ነበረብኝ። እሱን በምራቄ እየፈተግኩ ጣቢያ ደረስን።

የሴቶቹ ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ቤት ናት። በድሬዳዋ ሙቀት ከቆርቆሮ ሥር መዋል ምን እንደሆነ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ሴቶቹ ወለሉን ለማቀዝቀዝ ውኃ ያርከፈክፉበታል፤ ውኃው ወዲያው ይደርቅና ነጭ ነገር ትቶ ይሄዳል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ያንን ነው፣ ወለሉ ላይ የቀረውን ነጭ። ከዚያ ላብ፣ የልብስ ሳሙና፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ ሸተተኝ። ሴቶቹን ያየኋቸው ዓይኔ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ታይዋን ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ነበረች፤ ወረቀት የሌለው ዕቃ ተይዞባት ነው የገባችው። ሁሉም "ኤዶ" ይሏታል፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ሽቲ ቀሚሷን ሰብስባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አዲስ የመጣ ሰው የሚተኛበት ቦታ ከመሰጠቱ በፊት የመጣበትን ጉዳይ መናገር አለበት፤ የክፍሉ ደንብ ነው።

"ሃዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?" አለችኝ።

"አስተማሪ ነኝ።"

"እሱ ወንጀል አይደለም አቦ። ምን አድርገሽ ነው ያልኩሽ።"

"ተማሪዎቼን ሰው ጠይቁ ብዬ ላክኋቸው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ደከማት መሰለኝ "በይ ከግድግዳው ጋ ተኚ" አለችና ፊቷን አዞረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ቲቸር ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምረው ሶሲዮሎጂ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይህን ትምህርት የሚሰጥ ብዙ የለም፤ የእኛ ትምህርት ቤት የግል ስለሆነ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ተጨማሪ ብሎ አስገብቶታል። ብሔራዊ ፈተና ላይ አይመጣም። ፈተና ላይ የማይመጣ ትምህርት በተማሪ ዘንድ ምን ዓይነት ክብር እንዳለው ለአስተማሪ መንገር አያስፈልግም፤ ግማሹ በእኔ ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ጥያቄ ይሠራል፣ ግማሹ ይተኛል። እኔም እንዳይተኙ ብዬ ነው ከመጽሐፉ ያወጣኋቸው። መጽሐፉ ስለ ማኅበራዊ ትስስር ብዙ ገጽ አለው፤ አንብበው ምንም አልገባቸውም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠኋቸው። በቡድን በቡድን ሆናችሁ በየሰፈሩ ሂዱና ሰዉን ይህን ጠይቁ አልኩ፦ ቤትዎን ዘግተው ሲሄዱ ቁልፍዎን ለማን ይሰጣሉ?

ዛሬም ጥሩ ጥያቄ ይመስለኛል። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ኦሮሞ ከሶማሌ፣ ክርስቲያን ከእስላም፣ ማን ማንን እንደሚያምን በአንድ ቁልፍ ይታያል። ልጆቹም ወደዱት። ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ክፍል ውስጥ ሰው ተሟገተ፣ ሳቀ፣ ደወል ሲደወል አልተነሳም። እኔ ያልጠረጠርኩት ቤት ለቤት እየዞረ ስለ ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው በዚህ ዘመን ምን እንደሚመስል ነው። ከከዚራ አንዲት ሴት ደውለው ጠቆሙ። ጥቆማው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ሰነበተ። በኋላ ከተማው ውስጥ ግርግር ሲነሳ አንድ ሰው አቧራውን አራግፎ አወጣው፤ ቤቶችን ለይቶ ለብጥብጥ ማዘጋጀት ተባለ።

መርማሪው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ቲቸር ይለኛል።

"ቲቸር፣ ቁልፋችሁን ለማን ትሰጣላችሁ ብሎ የሚዞር ሰው ምን ሊሆን ነው? እስቲ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ?"

"የሶሲዮሎጂ ተማሪ።"

"ሶሲዮሎጂ ፈተና ላይ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

ለስንት ዓመት ለተማሪዎቼም መልስ አጥቼለት የኖርኩት ጥያቄ ነው።

እሱ የሚፈልገው ከዚራ የሄዱትን ልጆች ስም ነበር። ቡድኑን የመደብኩት በቃል ስለነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ርእሰ መምህሩ እንኳ አያውቅም። "ለአንድ ለሁለት ቀን ጠይቀናቸው እንለቃቸዋለን" ይለኛል። ችግሩ አንድ ሁለት ቀኑ ነበር። ልጆቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው፤ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይገባሉ። አንዴ ከገቡ ፈተናው እስኪያልቅ አይወጡም፣ ማንም አያወጣቸውም። ቅዳሜ ያልገባ ልጅ ግን ዓመቱ አለቀ። ስለዚህ በጭንቅላቴ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ስም አለመጥራት። ጀግንነት አልነበረም። ደክሞኝ ስለነበር ከዚያ በላይ ማሰብ አልችልም ነበር።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተከፈተና አንዲት ትልቅ ሴት ገቡ። ነጠላቸው ንጹሕ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ወለሉን አይተው ለመቀመጥ ተጸየፉ። ኤዶ ደንቡን ጠየቀቻቸው።

"መጥረጊያ ነው ያስገባኝ" አሉ። መንገድ ሊያሰፉ የመጡ ሰዎች አጥራቸውን ሊነኩ ሲሉ አንዱን በመጥረጊያ እንደመቱት ተናገሩ። የሚኖሩት ከአባታቸው በወረሱት ከዚራ ያለ ቤት ነው፤ አባትየው የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

"እኔን ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?" አሉ። "ለመንግሥት የጠቆምኩ ሴት! ልጆች እየዞሩ ቁልፍሽን ለማን ትሰጫለሽ ሲሉኝ የደወልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ያ መርማሪ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ከልጆቹ አንዷን እንኳ ቢያስታውሱ የመጥረጊያውን ነገር ትተን ቤትዎ ይገባሉ አለኝ።"

"ታስታውሻለሽ?" አለች ኤዶ።

"አንዷን አሳምሬ አውቃታለሁ። እናቷ የማኅበራችን ናት። ያኔ የልጅ ስም ለፖሊስ መስጠት ቀፍፎኝ ዝም አልኩ። ነገ ሲጠራኝ እነግረዋለሁ፤ ምን አገባኝ።"

የትኛዋን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። ከቡድኑ ውስጥ ቤቷ ከዚራ የሆነ እሷ ብቻ ናት፤ ሁልጊዜ ከፊት የምትቀመጥ፣ ከሁሉ ይልቅ ጥያቄውን የወደደችው ልጅ ናት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ሁሉ በእኔ አፍ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር።

በክፍላችን የምግብ ነገር እንዲህ ነበር። ከውጭ የሚገባ ስንቅ በሙሉ ይቀላቀላል፤ ግን በአዘቦት ቀን ሥጋ ስላለበት ሁለት ትሪ ይቀርባል፣ አንዱ የእስላም አንዱ የክርስቲያን። ረቡዕና ዓርብ ግን ክርስቲያኑ ስለሚጾም የሶማሌዎቹ ቤተሰቦችም በእነዚያ ቀናት ሥጋ የሌለው እንዲልኩ ተነግሯቸዋል፣ አንድ ትሪ ይሆናል። ይህን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ሴቶች ናቸው። አብሮት የመጣ ሌላ ደንብ አለ፤ የዓርቡ ትሪ ላይ የተወራ ነገር ለመርማሪ አይነገርም።

ለሴትዮዋ ስንቅ ያመጣ ሰው አልነበረም። ኤዶ ማን እንደሚያመጣላቸው ስትጠይቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው "አልራበኝም" አሉ። እሷ ግን እጃቸውን ይዛ ወደ ትሪው ሳበቻቸው። እህቴ የላከችው ምስር ነበር፣ የኤዶ ልጆች ያስገቡት ሩዝ ከነቢስባሱ፣ ከነሚያቃጥለው የሶማሌ በርበሬ ማባያው። ሴትዮዋ በጣታቸው ጫፍ ሩዝ ማንሳት ጀመሩ። ኤዶ የትሪውን ደንብ ነገረቻቸው።

"የእናንተን ደንብ አልፈረምኩም" አሉ።

መናገር ያለብኝ ያኔ ነው ብዬ አሰብኩ። ዝም ብል ነገ ልጅቷን ይሰጧታል። ብናገር ደግሞ ተናደው ሊብስባቸው ይችላል። ለማመዛዘን ጉልበት አልነበረኝም።

"እማማ፣ ልጆቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ" አልኩ።

እጃቸው ትሪው ላይ ቆመ። "አንቺ?"

"እኔ።"

"ምን ይሁንሽ ብለሽ?"

"ሰው ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚያምን እንዲያዩ ነበር።"

"አዩ?"

"እኔንጃ። ወረቀቱን ሳላርመው ያዙኝ።"

ሌሎቹ ማኘክ አቁመው ነበር። ሴትዮዋ ጣታቸውን በትሪው ጠርዝ ጠረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

"ለፖሊስ ፈራሁ ነው ያልኩት። መፍራቱንም ፈርቼ ነበር። በዚያ በክፉው ጊዜም ሰፈራችን እየዞሩ ማን የት እንደሚኖር የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ የሆነውን አይተናል። የደወልኩት ግን ለሱ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ስትጠይቀኝ አሰብኩ። አሰብኩ፣ ሰው አጣሁ። ለማንም አልሰጥም አልኳት። ለማንም ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።"

"ምን አለችዎት?"

"ምንም። አዘነችልኝ። በአባቴ ጊዜ የዚያ ግቢ በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር፣ የባቡር ሰው ሁሉ የሚገባበት ቤት ነው። የትናንት ልጅ መጥታ ደጃፌ ላይ አዘነችልኝ። እሷ ስትሄድ በሩን ዘጋሁና ስልኩን አነሳሁ።"

"ማኅበርስ አለሽ አይደል?" አለች ኤዶ።

"ማኅበር በወር አንድ ቀን ነው።"

አፈርኩ። ብዙ ሰዓት ቆሜ ስለ መተማመን አስተምሬያለሁ፤ ሰው መልስ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ግን አንድ ቀን አላሰብኩም። ይቅርታ አልኳቸው። ጥያቄው የእኔ እንጂ የልጅቷ አይደለም አልኩ። ነገ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ወደ ፈተና እንደሚገቡ፣ ከዚያ ወዲያ የፈለጉትን ቢናገሩ እንደማልቀየም፣ እስከዚያ ብቻ ዝም ቢሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለምኜ አላውቅም ነበር፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

"ይኼ ነገር ያቃጥላል" አሉ ቢስባሱን እያሳዩ፤ ኤዶ ከጀሪካኑ ውኃ ቀዳችላቸው። የበሉትን ሳይጨርሱ ጥግ ሄደው ተቀመጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ስማቸው ሲጠራ ተነሱ። ጫማቸውን በነጠላው ጫፍ ወለወሉት፣ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ። የነበራቸውን ትንሽ ፌስታል ያዙ፤ ለመመለስ የሚወጣ ሰው ፌስታሉን አይዝም። ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ያን ጠዋት ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም። ቆርቆሮው ሲግል የሚያሰማውን ድምፅ እሰማ ነበር። ከበሩ ሥር ካለችው ክፍተት የሚገባው ብርሃን ሲጠብ ሰዓቱ እየገፋ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ልጅቷ አሰብኩ፤ ምናልባት አሁን ቤቷ ሄደዋል፣ ምናልባት ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ስትወጣ። ኤዶ ጫት ካጣች ጀምሮ ራሷን ያማታል፣ ግንባሯን በሻሽ አስራ ተኝታ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ "ቲቸር፣ ተቀመጪ አቦ። መቆምሽ ምንም አያመጣም" አለችኝ። ተቀመጥኩ።

በሩ የተከፈተው ምሳ ከገባ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ተመለሱ። ፌስታሉ በእጃቸው ነበር፣ ነጠላው ላብ ጠጥቶ ትከሻቸው ላይ ተለጥፏል። እኔ ካለሁበት አጠገብ መጡና "ትንሽ ጠጋ በይልኝ" አሉ። ጠጋሁላቸው። ትናንት የተጸየፉት ወለል ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ።

"ምን አልሽው?" አለች ኤዶ።

"ዓይኔ ደክሟል አልኩት። የሰው ፊት መለየት ከተውኩ ቆየሁ አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ተቆጣ። እንግዲህ የመጥረጊያው ክስ ይቀጥላል አለ። ይቀጥል።"

ላመሰግናቸው ፈልጌ ውኃ ቀዳሁላቸው። እሳቸውም ምስጋና የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ "ልጆቹ በስንት ሰዓት ነው የሚገቡት?" አሉኝ።

"አሁን ገብተዋል።"

"እንግዲያው ልተኛ" አሉ፤ ፌስታሉን ከራሳቸው ሥር አድርገው ተኙ።

ፈተናው ካለቀ በኋላ መርማሪው ስም መጠየቁን ተወው፤ ከተማውም ረጋ። እኔ ያለ ክስ ወጣሁ። ሴትዮዋ ከእኔ በኋላም ቆይተዋል፤ የመቱት ሰው ይቅር እስኪላቸው ነው ተባለ። እዚያ ሳሉ ምሳ የላክሁላቸው እኔ ነኝ። አጥሩ በመጨረሻ ፈርሷል። ግቢያቸው ዛሬ ከመንገድ ይታያል።

ትምህርት ቤቱ ሶሲዮሎጂን በሒሳብ ማጠናከሪያ ተካው፤ ወላጅም ተማሪም ደስ አለው። እኔ አሁን ዜግነት አስተምራለሁ፣ ከመጽሐፉ፣ ገጽ በገጽ። አልፎ አልፎ አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ ለምን ወጥተን ሰው አንጠይቅም?" ይለኛል። ፀሐዩ ይከብዳል እላለሁ። ድሬ ላይ ይህን የሚከራከር የለም።

በቅርቡ የዚያችን ልጅ እናት ከዚራ መንገድ ላይ አገኘኋት። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሆናለች፣ አካውንቲንግ ነው የምታጠናው። ደስታዋን አውርታ ስትጨርስ በአገጯ ወደ ማዶ ጠቆመችኝ። ሴትዮዋ አጥር በሌለው ግቢያቸው በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"እቺን ሴት አየሻት? ያኔ አንቺን ያሳሰረች እሷ ናት። የኔን ልጅ ልታስበላት ነበር እኮ። የማኅበሩ ጽዋ ተራዋ ሲደርስ ዘለልናት፣ ገባትና ቀረች። በመንገድም ሰላም የሚላት የለም።"

ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ዝም ብዬ አልፌያለሁ።

"የጠቆሙት እሳቸው ናቸው፣ እውነት ነው" አልኳት። "ልጅሽን ግን አውቀዋት ነበር። ፈተና በሚገቡበት ቀን ጠዋት ስሟን ቢጠሩ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ሳይጠሩ ተመልሰው እኔ አጠገብ መሬት ላይ ተኙ።"

እናትየዋ ማዶውን አየች፣ እኔን አየች። የያዘችውን ዘንቢል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አለች።

"ሰላም አትሏቸውማ።"

መንገዱን ትሻገር፣ አትሻገር፣ ቆሜ አላየሁም። ደክሞኝ ነበር፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።